ባለ አንድ ገጽ የማትሪክስ ሾርት ኖት እየሠራሁ ነው፤ ምን ይግባበት?

ቦርከና_ዳር | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ማትሪክስን (ቁጥሮች በረድፍና በዓምድ የሚደረደሩበትን ሰንጠረዥ) 11ኛ ክፍል ተምረን አለፍነው። ግቢ ስንገባ በአፕላይድ ማትስ ተመለሰ። አሁን ደግሞ የማይገባበት ኮርስ የለም። ስትራክቸር ላይ አለ። ሰርቬይንግ ላይ አለ። ኒውሜሪካል ላይማ ኮርሱ ራሱ እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ለራሴና ለዶርም ልጆች አንድ ገጽ ሾርት ኖት እያዘጋጀሁ ነው። ታጥፎ ደብተር ውስጥ የሚገባ፣ ኔትወርክም መብራትም የማይጠይቅ። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን አይቻቸዋለሁ። ገሚሶቹ በጣም ረጃጅም ናቸው። ቀመር በቀመር ላይ ተደርድሯል፤ የትኛው መቼ እንደሚሠራ ግን አይናገሩም። ገሚሶቹ ደግሞ ከመደመርና ከመቀነስ አያልፉም።

እስካሁን የያዝኩት ማባዛት፣ ትራንስፖዝ (ረድፉን ዓምድ ማድረግ)፣ ዲተርሚናንት (ረድፉና ዓምዱ እኩል ከሆነ ማትሪክስ የሚሰላ አንድ ቁጥር)፣ ኢንቨርስ (የማባዛቱን ሥራ የሚመልስ ማትሪክስ) እና ክራመርስ ሩል (እኩልታን በዲተርሚናንት መፍቻ) ነው። ምን ይጨመር? ምን ይውጣ? ሌላው ጥያቄዬ፣ በእንዲህ ያለ ወረቀት ማጥናት ይጠቅማል ወይስ ሰውን ያሰንፋል? የምታስተምሩም፣ በሥራ ላይ የምትጠቀሙበትም ካላችሁ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።


የጦሳ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡15

አብሽር ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር ጀምረሃል። ደሴ ውስጥ የሂሳብ መምህር ነኝ። ተማሪ በማትሪክስ የሚቸገረው ቀመሩን ስለማያውቅ አይደለም። ቀመሩንማ ይሸመድደዋል። የሚያመልጠው ቀመሩ የሚሠራበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀመር ጎን ሁለት ነገር ጻፍ፦ መቼ እንደሚሠራ፣ ከዚያም በእጅ የሚረጋገጥ ትንሽ የቁጥር ምሳሌ። ምሳሌ የሌለው ቀመር ወረቀቱ ላይ ባይገባ እመርጣለሁ።

ከማባዛት ጀምር። ኤ የሚባል ማትሪክስ 2 በ 3 (2 ረድፍ፣ 3 ዓምድ)፣ ቢ ደግሞ 3 በ 4 ይሁኑ። መሃል ላይ ያሉት ሁለት 3ቶች ስለገጠሙ ይባዛሉ። ውጤቱ 2 በ 4 ነው። ቢን ብታስቀድም ግን 4 እና 2 አይገጥሙም፤ ስለዚህ ብዜቱ ጭራሽ የለም። ከማስላት በፊት መጠን ማየትን ልማድ ያደረገ ተማሪ ብዙ ነገር ይቀለዋል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል። ኤ = [1 1፣ 0 1]፣ ቢ = [1 0፣ 1 1] እንበል። በቅንፉ ውስጥ ያለችው ነጠላ ሰረዝ (፣) አንዱን ረድፍ ከሌላው ትለያለች። ኤቢ [2 1፣ 1 1] ይሆናል። ቢኤ ደግሞ [1 1፣ 1 2]። የተለያዩ ናቸው። አሁን ልብ በል፤ የሁለቱም ዲተርሚናንት 1 ነው። የሁለቱም ትሬስ፣ ማለትም የዋናው ዲያጎናል ድምር፣ 3 ነው። ቅደም ተከተል ሲቀየር ብዜቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ሁለቱም ስኩዌር (ረድፍና ዓምዳቸው እኩል) ከሆኑ ዲተርሚናንቱና ትሬሱ ግን አይለወጡም። አንዲት ምሳሌ ሦስት ሕግ ያዘችልህ።

ከዚሁ ጋር ይህን ጨምር፦ (ኤ+ቢ)² ሲዘረዘር ኤ² + ኤቢ + ቢኤ + ቢ² ነው። በቁጥር የለመድናት 2ኤቢ የምትመጣው ኤቢ እና ቢኤ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው።

የኤቢ ኢንቨርስ ደግሞ የቢ ኢንቨርስ ሲባዛ በኤ ኢንቨርስ ነው። ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ መጀመሪያ ያለፍከውን መንደር ስትመለስ መጨረሻ ላይ ነው የምታገኘው፤ እንደዚያ ነው። ትራንስፖዝም ይገለበጣል። እሱን በመጠን አረጋግጠው። 2 በ 3 የነበረው 3 በ 2 ሆነ፤ 3 በ 4 የነበረው 4 በ 3 ሆነ። ከሁለቱ መባዛት የሚችለው 4 በ 3 ከፊት ሲቀመጥ ብቻ ነው።


አይጠየፍ_ሰፈር | ማክሰኞ ማታ 4፡05

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሾርት ኖት ይጠቅማል በሚለው አልስማማም። ሠፈር ውስጥ ልጆችን አስጠናለሁ። ሾርት ኖት የያዘ ልጅ ጥያቄ ሲሰጠው ዓይኑ ቀጥታ ወረቀቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ከጥያቄው ጋር የሚመሳሰል ቀመር ይፈልጋል፣ ቁጥር ይተካል፣ ይጨርሳል። ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝ ይቆማል።

ደግሞ ዋናው ነገር እኮ አልተነካም። ማትሪክስ ስንደምር በየቦታው ነው የምንደምረው። ማባዛቱስ ለምን በየቦታው አልሆነም? ለምንድን ነው ረድፍ በዓምድ የሚባለው? ልጆቹ ይህን ይጠይቁኛል። ይህን የማይመልስ ወረቀት ስንት ቀመር ቢይዝ ምን ያደርጋል?


የጦሳ_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፤ በደንብ ልመልሰው።

ሁለት እናቶች ሰኞ ገበያ ወጡ እንበል። አንደኛዋ 2 ኪሎ ሽንኩርትና 1 ኪሎ ቲማቲም ገዙ። ሁለተኛዋ 1 ኪሎ ሽንኩርትና 3 ኪሎ ቲማቲም። ለስሌት እንዲመች ሽንኩርት 70 ብር፣ ቲማቲም 50 ብር ይሁን። አንደኛዋ ስንት ከፈሉ? 2 ሲባዛ 70፣ ሲደመር 1 ሲባዛ 50፤ 190 ብር። ሁለተኛዋ 70 ሲደመር 150፤ 220 ብር። በቃ፣ ረድፍ በዓምድ ማለት ይኸው ነው። የኪሎውን ረድፍ በዋጋው ዓምድ አባዛህ። ኮምቦልቻ ዋጋው 60 እና 55 ቢሆንስ? ሁለተኛ የዋጋ ዓምድ ትጨምራለህ፤ 175 እና 225 ይወጣል። ኪሎ በዋጋ ሲባዛ የእያንዳንዷ እናት ወጪ በየከተማው ተሠርቶ ይመጣል። በየቦታው ብናባዛው ኖሮ ይህን ሒሳብ አይሠራልንም ነበር።

አመጣጡም ይህንን ይመስላል። ማትሪክስ የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ሲልቬስተር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1850። ወዳጁ ኬይሊ በ1858 ባሳተመው ጽሑፍ አልጀብራውን በሥርዓት አስቀመጠው። አንዱን የእኩልታ ስብስብ በሌላው ውስጥ ስትተካ አዲሶቹ ኮፊሸንቶች (ካልታወቁት ፊት የሚቆሙት ቁጥሮች) በዚህ የማባዛት ሕግ ይወጣሉ። ሕጉ ከችግሩ ነው የመጣው።

አሁን ጥያቄውን ገልብጠው። የተከፈለው 190 እና 220 መሆኑን እናውቃለን፤ ዋጋውን ግን አናውቅም። ማትሪክሱ [2 1፣ 1 3] ነው። ዲተርሚናንቱ 2 በ 3 ሲባዛ ሲቀነስ 1 በ 1 ሲባዛ፤ 5። ኢንቨርሱ አንድ አምስተኛ የ[3 -1፣ -1 2] ነው። ሽንኩርት፦ 3 ጊዜ 190 ሲቀነስ 220 ይሆናል 350፤ ለ5 ሲካፈል 70። ቲማቲም፦ 2 ጊዜ 220 ሲቀነስ 190 ይሆናል 250፤ ለ5 ሲካፈል 50። ዋጋው ተመልሶ መጣ።

ሁለተኛዋ እናት የገዙት 4 ኪሎ ሽንኩርትና 2 ኪሎ ቲማቲም ቢሆንስ? ማትሪክሱ [2 1፣ 4 2] ይሆናል፤ ዲተርሚናንቱ 0 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሁለተኛዋ ግዢ የመጀመሪያዋ እጥፍ ስለሆነ አዲስ ወሬ አይነግረንም። 380 ከፍለው ከሆነ ስፍር ቁጥር የሌለው የዋጋ ጥምረት ይሠራል። 400 ከፍለው ከሆነ ደግሞ አንድም አይሠራም። ራንኩ 1 ነው የምንለው ይህን ነው፤ ሁለት ረድፍ ተጽፎ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው። ተማሪ ዲተርሚናንት ዜሮ ከሆነ መልስ የለም ብሎ ይቸኩላል። ወረቀቱ ላይ ይህን በደማቁ መጻፍ ያስፈልጋል፦ አንድ ብቸኛ መልስ የለም፤ ወይ ብዙ አለ ወይ ጭራሽ የለም።


አይጠየፍ_ሰፈር | ረቡዕ ጠዋት 3፡10

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። የገበያውን ምሳሌ ዛሬ ማታ ለልጆቹ አሳያቸዋለሁ። ወረቀቱ እንዲህ ያለ ምሳሌ የሚይዝ ከሆነ ተቃውሞዬ ይለዝባል።

ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ወረቀቱን በሁለት ዓምድ ከፍለው። በግራ ጥያቄ፣ በቀኝ መልስ። በግራ በኩል “ኤቢ ዜሮ ቢሆን ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ነው?” ብለህ ጻፍ። በቀኝ “አይደለም፤ [1 1፣ 1 1] ሲባዛ [1 1፣ -1 -1] ዜሮ ነው”። ተማሪው የቀኙን በወረቀት ሸፍኖ ራሱ ይሞክራል። ለመሸምደድ ሳይሆን ለመፈተን ይጠቅማል። ማጣቀሻም ይሆናል፤ ቸኩለህ ሲሆን ሳትሸፍን ታየዋለህ።


ዳታ_በኮምቦልቻ | ረቡዕ ከሰዓት 9፡20

የሁለት ዓምዱን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። እኔ ኮምቦልቻ ከዳታ ጋር ነው የምሠራው፤ ማትሪክስ በየቀኑ አለ።

በእኔ አስተያየት ክራመርስ ሩል ከወረቀቱ ይውጣ። ለ2 በ 2 ጥሩ ነው፣ ለ3 በ 3 ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን በእጅም በኮምፒውተርም አያዋጣም። የ10 በ 10 ዲተርሚናንት ሙሉ በሙሉ ሲዘረዘር 3,628,800 ብዜቶች ይደመራሉ። ጋውስ ኢሊሚኔሽን (ረድፍን ከረድፍ እየቀነሱ ያልታወቁትን አንድ በአንድ ማስወገድ) ግን 10 እኩልታ ከ10 ያልታወቁ ጋር ሲሆን በ430 ማባዛትና ማካፈል መልሱ ላይ ያደርስሃል። በክራመርስ ሩል ፋንታ ይህን ረድፍ መቀነስ በደንብ አስገባ። ሦስት ነገር ይፈቀዳል፦ ሁለት ረድፍ ማቀያየር፣ ረድፍን ዜሮ ባልሆነ ቁጥር ማባዛት፣ የአንዱን ረድፍ ብዜት ከሌላው ላይ መደመር። ከጎኑ ዲተርሚናንቱ ምን እንደሚሆን ጻፍ። ማቀያየር ምልክቱን ይገለብጣል። ማባዛት በዚያው ቁጥር ያባዛዋል። ሦስተኛው አይነካውም።

ኢንቨርስ ላይም አንድ ነገር ልበል። ቀመሩ ላይ ኢንቨርስ ስለተጻፈ ብቻ ኮምፒውተር ላይ ኢንቨርስ አታስላ። የምትፈልገው የእኩልታውን መልስ ከሆነ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነምፓይ በሚባለው የስሌት ጥቅል ውስጥ ሶልቭ የሚለው ትእዛዝ አለ፤ በማትላብ የስሌት ሶፍትዌር ደግሞ ወደ ኋላ ያጋደለችው ሰረዝ (\) አለች። ፈጣንም ናቸው፣ የማጠጋጋት ስህተታቸውም ያንሳል።

ሌላው የሚያደናግረው የማባዛት ምልክት ነው። ማትላብ ላይ * የማትሪክስ ማባዛት ነው፤ በየቦታው ለማባዛት ከፊቷ ነጥብ ታደርጋለህ። ነምፓይ ላይ * በየቦታው ነው፤ የማትሪክስ ማባዛት @ ነው። ሁለቱም ቁጥር ያወጣሉ። ሁለቱም ማትሪክሶች ስኩዌር ከሆኑ ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ ሥራው በተሳሳተ ውጤት ይቀጥላል። ይህቺ መስመር ብቻዋን ወረቀቱን ታዋጣለች።

አንድ የመጨረሻ። ዲተርሚናንት ዜሮ ካልሆነ ሰላም ነው ብሎ ማለፍ አደጋ አለው። እነዚህን ተመልከት፦ ኤክስ + ዋይ = 2፣ ኤክስ + 1.001ዋይ = 2.001። መልሱ 1 እና 1 ነው። አሁን 2.001ን ወደ 2.002 ቀይር። መልሱ 0 እና 2 ሆነ! በሦስተኛዋ አሥርዮሽ ላይ የነካናት ቁጥር መልሱን ሙሉ ለሙሉ አዞረችው። መረጃው ከመለኪያ መሣሪያ የመጣ ከሆነ እንዲህ ያለ ማትሪክስ ላይ መተማመን አይቻልም። ምልክቱ ሁለቱ ረድፎች ሊመሳሰሉ ትንሽ ብቻ የቀራቸው መሆኑ ነው።


ሐረጎ_ማዶ | ረቡዕ ማታ 1፡50

ሰርቬየር ነኝ። ጠያቂው ሲቪል ስለሆነ በሥራ ላይ በጣም የሚያስፈልገውን ልጨምር። ከእኩልታው ብዛት ያልታወቀው ሲያንስ ምን እናደርጋለን? ሜዳ ላይ ሁልጊዜ የሚገጥመን ይኸው ነው።

ሐረጎ ላይ ሦስት ነጥብ አለን እንበል። የመጀመሪያውን ከፍታ 0 ብለን እንያዝ። በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ስንለካ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው 5.00 ሜትር ወጣ። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው 3.00። ለማረጋገጥ ከአንደኛው ቀጥታ እስከ ሦስተኛው ለካን፤ 8.03። 5 እና 3 ስምንት ነው፤ 3 ሴንቲ ተረፈ። ሦስት ልኬት አለን፣ የማናውቀው ግን የሁለት ነጥብ ከፍታ ነው። የትኛውን እንጣል? አንዱንም አንጥልም።

የልኬቱን ማትሪክስ ኤ እንበለው፦ [1 0፣ -1 1፣ 0 1]። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ልኬት ነው፤ ዓምዶቹ የሁለተኛውና የሦስተኛው ነጥብ ከፍታ ናቸው። 3 በ 2 ነው፤ ስኩዌር ስላልሆነ ኢንቨርስ የለውም። በራሱ ትራንስፖዝ ከግራ አባዛው፤ [2 -1፣ -1 2] ይወጣል። አሁን ስኩዌር ሆነ፤ ዲተርሚናንቱም 3 ነው። ልኬቶቹንም በዚያው ትራንስፖዝ አባዛ፤ 2.00 እና 11.03። ኢንቨርሱ አንድ ሦስተኛ የ[2 1፣ 1 2] ነው። የሁለተኛው ነጥብ ከፍታ፦ 4.00 + 11.03 = 15.03፣ ለ3 ሲካፈል 5.01። የሦስተኛው፦ 2.00 + 22.06 = 24.06፣ ለ3 ሲካፈል 8.02።

ውጤቱን እየው። 5.00 የነበረው 5.01 ሆነ። 3.00 የነበረው 3.01። 8.03 የነበረው 8.02። የተረፈችው 3 ሴንቲ ለሦስቱ ልኬቶች አንድ አንድ ሴንቲ ተከፋፈለች። ልምድ ያለው ሰርቬየር በእጁ የሚያደርገውን ነው ማትሪክሱ የሠራው። ልዩነቱ፣ ሦስት ነጥብ ሳይሆን ሦስት መቶ ነጥብ ቢሆንም አሠራሩ አይቀየርም። ሊስት ስኩዌርስ የምንለው ይህ ነው። ሕጉ የሚሠራበት ሁኔታ ደግሞ ከኤ ዓምዶች አንዱም ከሌሎቹ ብዜትና ድምር የማይገኝ መሆኑ ነው፤ አለበለዚያ ያ ስኩዌር ማትሪክስ ኢንቨርስ አይኖረውም።

ያንን [2 -1፣ -1 2] የመሰለ ሲሜትሪክ (ትራንስፖዙ ከራሱ ጋር እኩል የሆነ) ማትሪክስ ለመፍታት የሚያገለግል ቾሌስኪ የሚባል ዘዴ ታገኛለህ። ቾሌስኪ እንደኛው የመሬት ልኬት ሰው ነበር፤ የፈረንሳይ ጦር መኮንን። ዘዴውን ያወጣው ለዚሁ ለልኬት ማስተካከያ ሥራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ሞተ፤ ዘዴው ታትሞ የወጣው በ1924 ነው፣ በሥራ ባልደረባው አማካይነት። ዛሬ ከሰርቬይንግ ውጭ ስንት ቦታ እንደሚሠራበት ሳስብ ይደንቀኛል።


ሐይቅ_ነኝ | ረቡዕ ማታ 2፡30

እኔ ገና 11ኛ ክፍል ነኝ፤ ከላይ ያለውን ሁሉ ባይሆንም የገበያውን ገብቶኛል። መምህር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የኤ ዲተርሚናንት 5 ከሆነ የ2ኤ ስንት ነው? ጓደኞቼ 10 ይላሉ። መጽሐፉ 20 ይላል። ደግሞ ሌላ ጥያቄ ላይ 40 ተብሏል።


የጦሳ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 2፡55

እህቴ፣ መጽሐፉ ልክ ነው፤ ሁለቱም መልሶች ልክ ናቸው። 2ኤ ስንል የማትሪክሱን እያንዳንዱን ቁጥር በ2 አባዛን ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ በ2 ተባዝቷል። ዳታ በኮምቦልቻ ከላይ እንዳለችው፣ አንድ ረድፍ በ2 ሲባዛ ዲተርሚናንቱ አንዴ በ2 ይባዛል። 2 በ 2 ከሆነ ሁለት ረድፍ አለ፤ 5 በ4 ሲባዛ 20። 3 በ 3 ከሆነ ሦስት ረድፍ አለ፤ 5 በ8 ሲባዛ 40። ጥያቄው ላይ የማትሪክሱን መጠን መጀመሪያ አንብቢ። ደብተርሽ ላይ [2 1፣ 1 3]ን ወስደሽ [4 2፣ 2 6] አድርጊውና አስዪው። 24 ሲቀነስ 4፣ 20።


ቦርከና_ዳር | ሐሙስ ማታ 3፡00

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ክራመርስ ሩል ወጥቷል፤ ረድፍ መቀነስና ሊስት ስኩዌርስ ገብተዋል። ወረቀቱ ጥያቄና መልስ ሆኖ እየተሠራ ነው። የሐረጎውን ምሳሌ እንዳለ ነው የወሰድኩት።

አይገን ቫልዩ (ማትሪክሱ አንዳንድ ቬክተሮችን፣ ማለትም ባለ አንድ ዓምድ ማትሪክሶችን፣ ከመስመራቸው ሳያስወጣ የሚያባዛባቸው ቁጥሮች) ላይ ብዙ ቦታ ስለሌለኝ ሁለት መስመር ብቻ አስገብቻለሁ፦ ድምራቸው ትሬሱ ነው፣ ብዜታቸው ዲተርሚናንቱ። በ[2 -1፣ -1 2] ሞከርኩት። 1 እና 3 ናቸው፤ ድምራቸው 4፣ ብዜታቸው 3። በትክክል ገጠመ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታልኝም። የማትሪክስ ዴሪቬቲቭ ላይ ሁለት ማጣቀሻ አነጻጸርኩ። ኤ ሲባዛ በቬክተር ኤክስ የሆነው በኤክስ ሲደረቭ አንዱ ኤ ይላል፣ ሌላው የኤ ትራንስፖዝ ይላል። የትኛውን ልመን?


ዳታ_በኮምቦልቻ | ሐሙስ ማታ 4፡10

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የአጻጻፍ ልማዳቸው ነው የተለያየው። አንደኛው የውጤቱን ክፍሎች በረድፍ፣ የኤክስን ክፍሎች በዓምድ ይደረድራል፤ እሱ ኤ ይሰጥሃል። ሌላው በተቃራኒው ይደረድራል፤ ትራንስፖዙን ይሰጥሃል። ችግር የሚፈጠረው ከአንዱ ማጣቀሻ አንድ ቀመር፣ ከሌላው ሌላ ቀመር ወስደህ ስታቀላቅል ነው። አንዱን ምረጥና የትኛውን እንደመረጥክ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፍ።

ማረጋገጫው መጠን ነው። ኤ 3 በ 2 ከሆነ ኤክስ 2 ክፍል አለው፣ ውጤቱ ደግሞ 3። በመጀመሪያው ልማድ ዴሪቬቲቩ 3 በ 2፣ በሁለተኛው 2 በ 3 መሆን አለበት። የመጣልህ ከዚህ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተቀላቅሏል።

ሐረጎ ማዶ የጻፈው ሊስት ስኩዌርስም ከዚሁ ነው የሚወጣው። ለዚያ ከላይኛው በተጨማሪ የምትፈልገው አንድ ቀመር ብቻ ነው። የኤክስ ትራንስፖዝ ሲባዛ በኤም ሲባዛ በኤክስ፣ ሲደረቭ (ኤም + የኤም ትራንስፖዝ) ሲባዛ በኤክስ ነው። ይህ በሁለተኛው ልማድ፣ እንደ ዓምድ ሲጻፍ ነው። ኤም ሲሜትሪክ ከሆነ 2ኤምኤክስ ይሆናል። ሁሉንም 1 በ 1 አድርገህ ሞክረው፤ ኤምኤክስ² ሲደረቭ 2ኤምኤክስ ነው፣ ከ12ኛ ክፍል የምናውቀው። ይህችን በቀኝ ዓምድ እንደ መልስ አስቀምጣት፣ የ1 በ 1ዋን ማረጋገጫ ከሥሯ።